ከፒያሳ እስከ አዘዞ ያለው መንገድ ሲጨናነቅ ጎንደር ወዴት ታድጋለች?

ቀሃ ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ጎንደር የመንገድ መጨናነቅ ሲነሳ ወሬው "መኪናው በዛ፣ መንገዱ ጠበበ" ላይ ይቆማል። እኔ ለውይይት ማቅረብ የፈለግኩት ቀጥሎ የሚመጣውን ነው፤ መጨናነቁ ከተማዋ የምታድግበትን አቅጣጫና መልክ እንዴት እየቀየረው ነው?

መነሻው መልክዓ ምድሩ ነው። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማዋን የቆረቆሩት በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለው ከፍታ ላይ ነው። በምሥራቅ ሸለቆ፣ በምዕራብም ሸለቆ። ጣሊያን በወረራው ዘመን አርክቴክቱ ጌራርዶ ቦሲዮ በነደፈው ፕላን ፒያሳን ሲሠራም ይህንኑ ከፍታ ተከትሎ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ፣ ማራኪም፣ ወደ አዘዞና ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የተዘረጋው ሰፈርም፣ አንዱን ዋና አስፋልት ይዞ ወደ ደቡብ ወረደ። ገበያው፣ ሆስፒታሉ፣ ባንኩ፣ ቢሮው ግን አብዛኛው ላይ ቀረ። መሐሉ ላይ ደግሞ 900 ሜትር ያህል ግንብ የከበበው ፋሲል ግቢ አለ፤ ማንም ሰንጥቆት አያልፍም፣ ማለፍም የለበትም።

አሁን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ታክሲ በግማሽ ሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ፍጥነቱ ወደ 10 ሲወርድ የሚደርሰው 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በሁሉም አቅጣጫ መንገድ ባላት ከተማ በግማሽ ሰዓት የሚደረስበት ስፋት ወደ ሩብ ይወርዳል። እንደኛ በአንድ መስመር በተዘረጋች ከተማ የሚወርደው ወደ ግማሽ ነው። ይህ የሚያጽናና እንዳይመስላችሁ፤ ያቺኛዋ የተዘጋውን መንገድ ዞራ ታመልጣለች፣ ጎንደር ግን መዞሪያ የላትም። አዘዞ የሚኖር ሰው ፒያሳ ያለ ሥራ ላይ ማመልከቱን ሲተው፣ ፒያሳ ያለ ቀጣሪም የሚመርጠው ሰው ሲያጣ፣ አንድ የነበረው ከተማ ሁለት ደካማ ከተማ ይሆናል።

የምታውቁትን አምጡ፤ በተለይ በቁጥር የሚለካውን።

አንገረብ ሲቪል
መጨናነቅ የሚፈጠረው ብዙ ሰው እንደሚያስበው ቀስ በቀስ አይደለም። የመንገዱ አቅም ሞልቶ ትንሽ ሲያልፍ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ሒሳቡን ላሳይ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የያዝኳቸው ናቸው እንጂ የተቆጠሩ አይደሉም።

አንድ መገናኛ በአንድ መስመር በሰዓት 900 መኪና ያሳልፋል እንበል። ከጠዋቱ 1:30 እስከ 2:30 የሚመጣው 1,000 ቢሆን ትርፉ 100 ነው። 2:30 ላይ 100 መኪና ተሰልፎ ይገኛል ማለት ነው። ለአንዱ ከነክፍተቱ 7 ሜትር ብንይዝ ሰልፉ 700 ሜትር ይደርሳል፤ መጨረሻ የቆመው ወደ 7 ደቂቃ ይጠብቃል። ከ2:30 በኋላ የሚመጣው ወደ 700 ቢቀንስ እንኳ ሰልፉ የሚያልቀው 3:00 ላይ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ ያን ሁሉ ጣጣ ያመጣው ከአቅም በላይ የመጣው 100 መኪና ነው። ስለዚህ "ግማሹን መኪና ካላስወጣን አይሆንም" የሚለው ልክ አይደለም፤ ከአሥሩ አንዱ ከቀነሰ ወይም አቅሙ ትንሽ ከተመለሰ ሰልፍ አይኖርም። ሁለተኛው ለጎንደር የከፋው ነው። 700 ሜትር የሆነው ሰልፍ ወደ ኋላ ሄዶ ቀጣዩን መገናኛ ይዘጋል። እዚያ የሚያልፈው ሰው መድረሻው ሌላ ሆኖ ሳለ አብሮ ይቆማል። ተለዋጭ መንገድ በሌለበት ከተማ አንድ ነጥብ ላይ የተፈጠረ ችግር የመላው ከተማ ችግር የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። አምቡላንስም እዚያው ሰልፍ ውስጥ ነው።

አቅሙስ ለምን ያንሳል? ብዙ ጊዜ ስፋቱ አይደለም። አንድ ሚኒባስ መስመሩ ላይ ቆሞ 20 ሰከንድ ሰው ቢጭን፣ ይህም በየደቂቃው አንዴ ቢደርስ፣ በሰዓት 1,200 ሰከንድ ተዘጋ ማለት ነው፤ የሰዓቱ ሢሶ። 900 የነበረው አቅም 600 ሆነ። አዲስ መኪና አንድም አልተጨመረም።

መፍትሔው ርካሽ ነው፣ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፦
- ከአደባባይ መውጫ 30 ሜትር ድረስ ማንም እንዳይቆም። መውጫው ላይ ሁለት ባጃጅ ከቆመ ቀለበቱ ውስጥ ያለው መውጣት አያገኝም፤ ቀለበቱ ሲሞላ አራቱም አቅጣጫ ይቆማል።
- ፌርማታው ከመገናኛው በፊት ሳይሆን ካለፉ በኋላ ይሁን፤ ከዋናው መስመር ወደ ውስጥ 3 ሜትር ገባ ያለ፣ ሁለት ሚኒባስ የሚያስቆም።
- ዳገት ላይ ፌርማታ አይሠራ። ከፊቱ ያለው ሚኒባስ ስለቆመ የቆመ የተጫነ ተሳቢ ዳገት ላይ ሲነሳ ከኋላው ያለውን ሁሉ ይዞ ነው የሚጎተተው።

ተራ አስከባሪ
ወንድሜ አንገረብ ሲቪል፣ የ20 ሰከንዱ ነገር እውነት ነው፤ ግን ሹፌሩ ለምን መሐል መንገድ ላይ እንደሚቆም ካልታወቀ ቅጣት ብቻውን አያስቆመውም። ገቢው በሰው ቁጥር ነው። ወደ ፌርማታው ገባ ካለ ከኋላው ያለው አልፎት የሚቀጥለውን ተሳፋሪ ይወስድበታል፤ ወጥቶ ለመግባትም ማንም አያሳልፈውም።

ሌላው ምልልሱ ነው። ፒያሳ አዘዞ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ብንይዘው፣ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሚኒባስ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል። ለመጫንና ለማውረድ በየጫፉ 10 ደቂቃ ሲጨመር ደርሶ መልሱ 80 ደቂቃ ነው፤ በ12 ሰዓት ሥራ 9 ደርሶ መልስ ይሠራል። ፍጥነቱ ወደ 16 ሲወርድ መንገዱ 45 ደቂቃ፣ ደርሶ መልሱ 110 ደቂቃ ይሆናል፤ 6 ተኩል ብቻ። 100 ሚኒባስ ያደርሰው የነበረውን ሕዝብ ለማድረስ 138 ያስፈልጋል። ያ 38 ተጨማሪ ሚኒባስ የሚገባው እዚያው የተጨናነቀው መንገድ ላይ ነው።

ታሪፉ ደግሞ የተወሰነ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ መንገዱን ይቆርጣል፤ ታፔላው አዘዞ እያለ ግማሽ መንገድ ላይ "መጨረሻ ነው" ብሎ ያወርዳል። ተሳፋሪው ሁለቴ ይከፍላል። ሁለቴ የሚከፍለው ደግሞ ርካሽ ቤት ፍለጋ ዳር የወጣው ነው። የዕድገቱን ዕዳ መጀመሪያ የሚሸከመው እሱ ነው።

የሚሠራው ዘዴ ይህ ነው፤ ሁለቱ ጫፍ ላይ በተራ መጫን፣ መነሻ ሰዓቱ በጽሑፍ መያዝ፣ መንገድ ላይ መጫን ለተወሰኑ ፌርማታዎች ብቻ መፍቀድ። በተራ የሚወጣ ሹፌር በፊቱ ካለው ጋር አይሽቀዳደምም። ተራው ካልተከበረ ግን ፌርማታ ቢሠራም ባዶውን ይቀራል።

ማራኪ 3
ባጃጁስ? ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ባጃጅ ላይ ነው።

ተራ አስከባሪ
ማራኪ 3፣ በሒሳብ እንየው። 600 ሰው በአንድ አቅጣጫ ለማድረስ፣ ሦስት ሦስት የሚጭን 200 ባጃጅ፣ ወይም 12 የሚጭን 50 ሚኒባስ፣ ወይም 60 የሚይዝ 10 አውቶቡስ ያስፈልጋል። ተከታትለው ቢሰለፉ ባጃጁ ከነክፍተቱ 800 ሜትር ገደማ፣ ሚኒባሱ 350፣ አውቶቡሱ 150 ይይዛል። በዋናው መስመር ላይ ባጃጅ ለረጅም መንገድ አይሆንም፤ ዳገት ላይም ቀርፋፋ ነው።

ግን ይከልከል አልልም። ከሰፈር ውስጥ፣ ታክሲ ከማይገባበት ኮብልስቶን ወደ አስፋልቱ የሚያወጣው እሱ ነው። ነፍሰ ጡርና በሽተኛ ከደጅ የሚያነሳው ሌላ የለም። ዋናውን መንገድ ከመሻገር ውጭ ርዝመቱን ይዞ እንዳይሄድ ማድረግ፣ መጋቢ ማድረግ ነው ቁም ነገሩ። ይህ እንዲሳካ ባጃጁ የሚያወርድበትና ሚኒባሱ የሚያነሳበት ቦታ ከ50 ሜትር በላይ ሊራራቅ አይገባም፤ ከተራራቀ ሰው በአንድ ባጃጅ እስከ ፒያሳ መሄዱን ይመርጣል።

አስፋልት ይስፋ
ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን ዞሮ ዞሮ መንገዱ ጠባብ ነው። አራት መስመር የነበረው ስድስት ይሁን፤ የሚነሳው ይነሳ፣ ካሳ ይከፈል። ያደገ ከተማ ሁሉ መንገዱን አስፍቶ ነው ያደገው።

ቀሃ ዳር
አስፋልት ይስፋ፣ በአዘዞ በኩል ሜዳው ላይ ማስፋት ትርጉም አለው፤ እስማማለሁ። ፒያሳና አራዳ ላይ ግን አልስማማም፤ ምክንያቴም የቅርስ ፍቅር ብቻ አይደለም። ዱራንተንና ተርነር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት የአሜሪካን ከተሞች አውራ ጎዳና ሲመረምሩ፣ የመንገዱ ርዝመት በ1 በመቶ ሲጨምር መኪና የሚነዳው ርቀትም ወደ 1 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር አገኙ። የተጨመረውን መንገድ አዲስ ጉዞ ይሞላዋል። ጎንደር አሜሪካ አይደለችም፣ የመኪናው ብዛትም አይገናኝም፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። ፍጥነት ሲገኝ ሰው ራቅ ብሎ ይሠራል፣ ራቅ ያለው ቤት ተጨማሪ ጉዞ ይወልዳል።

በዚያ ላይ ስድስት መስመር ሆኖ መጥቶ ፋሲል ግቢ ጥግ ላይ ወደ ሁለት የሚጠብ መንገድ የሚያሳልፈው የሁለቱን ያህል ብቻ ነው። ከታች ያለው ስፋት ሰልፉን በጎን ያደራርበዋል እንጂ የሚጠበቀውን ጊዜ አያሳጥርም።

ገበያ ዳር
ስለ ሰው ስታወሩ ዕቃው ተረሳ። አራዳና ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ጠዋት መንገዱን የሚይዘው ዕቃ የሚያራግፍ አይሱዙ ነው። 50 ኩንታል የጫነ አይሱዙ፣ አራት ጫኝና አውራጅ መጋዘኑ በር ላይ ቢያራግፈው፣ ምልልሱ 2 ደቂቃ ከሆነ በ25 ደቂቃ ያልቃል። መጋዘኑ በር ላይ መቆሚያ አጥቶ 60 ሜትር ርቆ ሲቆም ምልልሱ በቀላሉ እጥፍ ይሆናል፤ 50 ደቂቃ። ጫኝና አውራጁም በርቀቱ ልክ ዋጋ ይጨምራል። ይህ ሁሉ ጤፉና ዘይቱ ላይ ተደምሮ ነው ለሸማቹ የሚደርሰው።

"ቀን ማራገፍ ክልክል ነው" ብሎ መለጠፍ ብቻውን ግን ነጋዴውን ይጎዳል። የሌሊት ማራገፍ መብራት ይፈልጋል፣ ጥበቃ ይፈልጋል፣ መጋዘን ከፍቶ ቆጥሮ የሚረከብ ሰው ይፈልጋል። አነስተኛው ባለ ሱቅ ይህን አይችልም። የተሻለው ከጠዋቱ 1:00 በፊት እንዲራገፍ ማድረግ፣ ለቀን ደግሞ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ርዝመት ያለው የማራገፊያ ቦታ በቀለም ከልሎ በ30 ደቂቃ መገደብ ነው። ቦታው ላይ የግል መኪና ሲቆምበት ወዲያው ካልተነሳ ዘዴው በሳምንቱ ይፈርሳል። ቅዳሜ የተለየ ቀን ነው፤ ከገጠር የሚመጣው ጭነትና አህያ ስለሚጨመር በዚያ ቀን ያው ደንብ አይሠራም።

ለዕድገቱ ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፤ ጅምላ ሻጩ ወደ አዘዞ መንገድ መውረድ ሲጀምር ቸርቻሪው አራዳ ይቀራል። በመካከላቸው ያለው መንገድ ካልተፈታ ዕቃው በቀን ሁለቴ ያንኑ መንገድ ይመላለሳል።

የትክል ድንጋይ መንገድ
የከባድ መኪናውን ነገር ልጨምር። ከመተማ የሚመጣው አዘዞ ላይ ስለሚገናኝ ወደ ባሕር ዳር ለመሄድ ፒያሳን አይነካም፤ የሚያጨናንቀው አዘዞን ነው። ከሁመራ በሳንጃና በትክል ድንጋይ የሚመጣው ግን በሰሜን በኩል ነው የሚገባው። ሰሊጥ የጫነ ተሳቢ ወደ መሐል አገር ለመውረድ ከተማዋን ከላይ እስከ ታች ያቋርጣል። አንድ ተሳቢ መገናኛ ላይ የሚወስደው ጊዜ ሦስት የቤት መኪና ከሚወስደው አያንስም፤ ዳገት ላይ ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ ማለፊያ መንገድ ያስፈልጋል። ግን ሦስት ነገር ካልተጠበቀ ብሩ ይባክናል።

የመጀመሪያው ዳገቱ ነው። ሸለቆ ወርዶ የሚወጣ መንገድ ከ7 በመቶ በላይ ረጅም ዳገት ካለው የተጫነ ተሳቢ አይመርጠውም፤ ነዳጁና ፍሬኑ ስለሚያስፈራው ተመልሶ ከተማ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው አፈሩ ነው። በደቡቡ ሜዳ ያለው ዋልካ ክረምት ይነፋል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ዋልካው ተቆርጦ ወጥቶ በተመረጠ አፈር ካልተተካ፣ የጎን ቦይም ውኃውን ከመንገዱ ካላራቀ፣ በሁለት ሦስት ክረምት አስፋልቱ ይዋልላል። ሦስተኛውና ትልቁ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚሠራው ቤት ነው። ማለፊያው በተከፈተ ማግስት ጎሚስታው፣ ሻይ ቤቱ፣ ብሎኬት ማምረቻው ይሰለፋል። እያንዳንዱ በር ወደ አስፋልቱ ሲከፈት ማለፊያው ሌላ የሰፈር መንገድ ይሆናል። ወደ ማለፊያው መግቢያ በየኪሎ ሜትሩ አንዴ ብቻ ይፈቀድ፤ ቤቶቹ ከኋላ በኩል ትይዩ በሆነ የውስጥ መንገድ ይግቡ።

ሊዝና ካርታ
የመጨረሻው ነጥብ የጉዳዩ እምብርት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልግባበት።

ከተማ መንገድን ተከትሎ የሚያድገው መሬቱ እዚያ ስለሚፈለግ ነው። መሐሉ ሲጨናነቅ የፒያሳ ሱቅ ኪራይ ወዲያው አይወርድም፤ ቦታው ውሱን ነው። ግን አዲስ የሚገነባ ሰው መሐል ገብቶ ከመጨናነቅ "አስፋልት ዳር" የሚባለውን ይፈልጋል። አስፋልቱ አንድ ከሆነ ሁሉም እዚያ ላይ ይደረደራል። 20 ሜትር ፊት ያለው ቦታ በሁለቱም ጎን ከተሰጠ፣ በአንድ ኪሎ ሜትር 100 በር ወደ ዋናው መንገድ ይከፈታል። 100 በር ማለት 100 ትንንሽ መገናኛ ነው። ከኋላው ያለው መሬት ደግሞ መግቢያ አጥቶ በሕገ ወጥ ቤት ይሞላል፤ ጠመዝማዛ መተላለፊያ ብቻ ስለሚኖረው እሳት አደጋ መኪናም አይገባውም። መጨናነቁ ዕድገቱን እንዲህ አድርጎ ያጣምመዋል፤ ዕድገቱም በተራው መጨናነቁን ያባብሰዋል።

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መዋቅራዊ ፕላን ለ10 ዓመት እንዲያገለግል ያደርጋል። በነዚያ ዓመታት ውስጥ ሥራው መጀመሪያ ሊሆን የሚገባው ዋናውን አስፋልት ማስፋት አይደለም፤ ሁለተኛውን፣ ትይዩውን መንገድ መሬቱ ባዶ ሳለ ማስከበር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅት (ዩኤን-ሀቢታት) የሚመክረው ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድ እንዲውል፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥም 18 ኪሎ ሜትር መንገድ እንዲኖር ነው። ይህ ማለት በየ110 ሜትሩ ገደማ አንድ መንገድ ነው።

አሠራሩ ቅደም ተከተል አለው። ቀያሹ የመንገዱን ወሰን ችካል ይተክላል፤ ችካሉ ኮንክሪት ይሁን፣ እንጨት በክረምቱ ይጠፋል። ቀጥሎ መንገዱ ባይነጠፍም በግሬደር ይከፈታል፣ ቱቦ ይቀበርበታል። ቦታ የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሦስተኛው መጀመሪያ ሲሆን ነው። ቤት ከተሠራ በኋላ ያንኑ መንገድ ለመክፈት ካሳውም፣ ምትክ ቦታውም፣ ክርክሩም አለ፤ መንገዱ በወረቀት ላይ እንዳለ ፕላኑ ያልፍበታል።

መናኸሪያ ወይም ገበያ ወደ ዳር ይውጣ የሚል ሐሳብም አለ፤ እደግፋለሁ፤ ግን አብሮ የሚሄድ ታክሲ፣ ባንክ፣ ማረፊያና ውኃ ካልተዘጋጀ ሰዉ ዕቃውን በባጃጅ ጭኖ ተመልሶ ፒያሳ ይመጣል። ያኔ አንድ የነበረው ጉዞ ሁለት ይሆናል።

ደብረ ብርሃን ሰፈር
ውድ ሊዝና ካርታ፣ የጻፉት ሁሉ ተገቢ ነው። የእግረኛውን ልጨምር፤ ምክንያቱም ይቺ ከተማ መጀመሪያ የተሠራችው በእግር ለሚሄድ ሰው ነው። 3.5 ሜትር የሚሆነው አንድ መስመር፣ የግል መኪና ብቻ ሲሄድበት በሰዓት ቢበዛ 1,600 ሰው ያህል ያሳልፋል። ያው ስፋት ለእግረኛ ቢሰጥ እስከ 9,000 ያሳልፋል። ከፋሲል ግቢ እስከ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ያለውን በባጃጅ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ደክሞት አይደለም፤ የእግረኛው መንገድ ስለተቆራረጠበት ነው። እዚህ ክዳን የሌለው ቦይ፣ እዚያ የተቆለለ አሸዋ፣ ቀጥሎ የሱቅ ዕቃ። ሰውየው ወደ አስፋልቱ ሲወርድ መኪናው ይቀንሳል፤ ሁለቱም ይጎዳሉ።

ስፋቱ ከ2 ሜትር እንዳያንስ፣ ቦይ ክዳን ይኑረው፣ ክዳኑም በእጅ ተነስቶ የሚጸዳ ይሁን። ዳገቱ በሚበረታበት ቦታ ለስላሳ ሴራሚክ አይነጠፍ፤ ክረምት ያንሸራትታል። ጉሊት ሻጮቹን ማባረር ሳይሆን ከእግረኛው መስመር ጀርባ 1.5 ሜትር መደብ መስጠት ይሻላል፤ ደንበኛቸው እግረኛው ነውና ከመንገዱ ካራቃችኋቸው ተመልሰው ይመጣሉ።

ከባድ መኪና ከቤተ መንግሥቱ ግንብ አጠገብ ማለፉ ይቅር የምለው ደግሞ ለሰልፉ ብቻ አይደለም። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ በኖራና በድንጋይ የተሠራ ግንብ ነው። ቱሪስቱም ጭስ ውስጥ ቆሞ ፎቶ አያነሳም። ሌላ ገቢ የሚያስገኝ ብዙ ነገር የሌለን ሳለ ይህን ማበላሸት ያሳዝናል።

ማራኪ 3
ይህን ሁሉ ለማዘጋጃ ቤት ለማቅረብ የተቆጠረ ነገር ያስፈልጋል። ያለ ብዙ ወጪ እንዴት ይቆጠራል?

አንገረብ ሲቪል
ይቻላል። ወረቀትና ሰዓት ይበቃል።

አምስት ነጥብ ምረጡ፤ ሰሜን መግቢያ፣ ፒያሳ፣ አራዳ አጠገብ፣ ማራኪ መገንጠያ፣ አዘዞ። በእያንዳንዱ ነጥብ ለአንድ አቅጣጫ ሁለት ሰው ይቁም፤ አንዱ ሲቆጥር አንዱ ይጽፋል። በየ15 ደቂቃው መስመር ይሰመር እንጂ የሰዓት ድምር ብቻ አይያዝ፤ የጭንቁ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ብቻ ሊሆን ይችላል፣ በሰዓት ድምር ውስጥ ይጠፋል። የቤት መኪና፣ ባጃጅ፣ ሚኒባስ፣ አውቶቡስ፣ አይሱዙ፣ ተሳቢ፣ ጋሪ ለየብቻ ይቆጠር። ሲደመር የቤት መኪናው 1፣ አውቶቡስና የጭነት መኪና ከ2 እስከ 3 ተደርጎ ይባዛ። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ የተለመደውን ቀን ያሳያሉ። የጥምቀት ሰሞንና ትምህርት የተዘጋበት ሳምንት አይሆንም።

ፍጥነቱን ለማወቅ ፒያሳና አዘዞ ላይ የሚቆሙት የሚኒባሶቹን የታርጋ መጨረሻ ሦስት ቁጥር ከነሰዓቱ ይጻፉ። ማታ ሁለቱን ወረቀት ሲያገናኙት የጉዞው ደቂቃ ይወጣል። ሁለቱ ሰዓቶች ጠዋት ላይ እኩል መሞላታቸውን ሳታረጋግጡ አትጀምሩ።

ከሁሉም በላይ የምፈልገው ሦስተኛ ወረቀት ነው፤ መስመር የዘጋው ምንድን ነው፣ የት፣ ስንት ሰከንድ። ሚኒባስ ሲጭን፣ አይሱዙ ሲያራግፍ፣ የነዳጅ ማደያ ሰልፍ ወደ አስፋልት ሲወጣ፣ የተበላሸ መኪና። ይህ ወረቀት ከመጣ የትኛው ፌርማታ መጀመሪያ እንደሚሠራ መከራከር አያስፈልግም።

ገበያ ዳር
ቅዳሜን ለብቻ ቁጠሩት፤ ከንጋቱ 12:00 ጀምሩ፣ 1:30 ላይ ከጀመራችሁ ጭነቱ ገብቶ አልቋል። አራዳ አጠገብ ለሚቆሙት ወረቀቱ ላይ ለአህያ አንድ ረድፍ ጨምሩላቸው።